የመዳብ ውህዶች ቀመር፦ ከሚዛን የተወለደ ጽሕፈት

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ የኬሚስትሪን ትምህርት የሚጀምር ተማሪ ገና ከመነሻው ከሚገጥሙት እንቆቅልሾች አንዱ የመዳብ ምልክት ነው። ይህ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በቤቱ አዊኛ፣ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ የሚናገር ሲሆን፣ በሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መጽሐፉን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው። መዳብ በእንግሊዝኛ «ኮፐር» መባሉን ተምሮ ምልክቱ በ«ሲ» እና በ«ኦ» ይጻፋል ብሎ ሲጠብቅ፣ «ሲ» እና «ዩ» ሆኖ ያገኘዋል። ቀጥሎም ከሁለቱ የመዳብ ኦክሳይዶች አንዱ ከግርጌው 2 ቁጥር ሲኖረው ሌላው የሌለው መሆኑን፣ ሰማያዊው የመዳብ ጨው ደግሞ ከነጥብ ኋላ 5 ውኃ አስከትሎ መጻፉን ያያል። መምህሩ ጊዜ ካጠረው «እንዲሁ ነው፣ አጥናው» ይለዋል፤ ተማሪውም ያጠናዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚያ ፊደሎችና ቁጥሮች ከየት እንደ መጡ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ዋና አሳቡም የመዳብ ውህድ ቀመር የስም አሕጽሮት ሳይሆን የሚዛን ቃል ነው የሚል ነው። በቀመሩ ውስጥ የምናየው እያንዳንዱ ቁጥር በሚዛን ላይ ከተገኘ ውጤት የተወለደ ስለሆነ፣ ቁጥሩን የዘነጋ ሰው መጠኑን ይስታል። ይህም በትምህርት ቤት ብቻ የሚቀር ጉዳይ አለመሆኑን በአዊ የድንች ማሳ ላይ እናየዋለን።

ለአነባበብ እንዲመች በዚህ ጽሑፍ የላቲኑን ምልክቶች በእንግሊዝኛ ድምፃቸው፣ በራሳችን ፊደል እናስቀምጣለን። «ሲዩ» መዳብን፣ «ኦ» ኦክስጅንን፣ «ኤች» ሃይድሮጅንን፣ «ኤስ» ድኝን፣ «ሲ» ካርቦንን፣ «ሲኤል» ክሎሪንን ያመለክታሉ። በምልክቶቹ መካከል ጭረት እናደርጋለን፤ ከግርጌ ያለው ትንሽ ቁጥር ደግሞ የአቶሞቹን ብዛት ይናገራል።

ስሙና ምልክቱ

መዳብ የሰው ልጅ ብረትን ከማወቁ አስቀድሞ የሠራበት ማዕድን ነው። በሀገራችንም የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ አንሥቶ ከወርቁና ከብሩ ገንዘብ ጋር የመዳብ ቅይጥ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። በየቤተ ክርስቲያናችን የሚታዩት ጽናዎች፣ ቃጭሎችና መስቀሎች አብዛኞቹ የዚሁ ማዕድን ቤተሰቦች ናቸው። ይሁን እንጂ ማዕድኑ ጥንታዊ የመሆኑን ያህል ስሙ የጠራ አልነበረም። በግእዝ «ብርት» እና «ነሐስ» የሚሉት ቃላት አንዳንድ ጊዜ ንጹሑን መዳብ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከቆርቆሮ ወይም ከዚንክ ጋር የተቀየጠውን ያመለክታሉ። ይህ የእኛ ቋንቋ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሮማውያንም መዳቡንና ነሐሱን ሳይለዩ በአንድ ቃል ይጠሩ ነበር። ከቆጵሮስ ደሴት የሚመጣላቸውን መዳብ በደሴቲቱ ስም ሲጠሩት ቆይተው፣ ውሎ አድሮ «ኩፕሩም» የሚለው የላቲን ስም ጸና። የዛሬው ተማሪ የሚገረምባት «ዩ» የተገኘችው ከዚህ ከደሴቲቱ ስም ነው።

ስሙ ምልክት የሆነው ግን ብዙ ዘግይቶ ነው። የመካከለኛው ዘመን አልኬሚስቶች መዳብን የሚጽፉት የቬኑስን ኮከብ ምልክት በመሣል ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1808 ባሳተመው መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ክብ ቅርጽ መደበ፤ የመዳብም ምልክት በውስጧ አንዲት ፊደል ያለባት ክብ ሆነች። የዳልተን ክቦች አሳቡን ግልጽ ቢያደርጉትም ለጽሕፈትም ሆነ ለማተሚያ ቤት የሚመቹ አልነበሩም። ስለዚህ የስዊድኑ ሊቅ ያኮብ ቤርዜሊዩስ እ.ኤ.አ. በ1813 ሌላ ሥርዐት አቀረበ። ይኸውም የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ምልክት የላቲን ስሙ መጀመሪያ ፊደል እንዲሆን፣ ሁለት ስሞች በመጀመሪያ ፊደላቸው ከተገናኙ ደግሞ ተጨማሪ ፊደል እንዲታከል ነው። በዚህ መሠረት ካርቦን «ሲ» ሲባል፣ ኮባልት «ሲኦ»፣ መዳብ ደግሞ «ሲዩ» ሆኑ። አዊኛን በግእዝ ፊደል ለመጻፍ ሲታሰብ በአማርኛ የሌሉ ድምፆች ስለ ተገኙ ተጨማሪ ሆሄ አስፈልጓል፤ ቤርዜሊዩስም የገጠመው ችግር ከዚህ የራቀ አልነበረም። ፊደሉ ከሚጻፈው ነገር ሲያንስ ይታከልበታል።

ቤርዜሊዩስ በዚህ አላበቃም። በውህዱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለማሳጠር ከምልክቱ ራስ ላይ ነጥብ ያደርግ ነበር። ይህን የተመለከተ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዜማ መጻሕፍታችን ከፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጡት ምልክቶች ትዝ ሳይሉት አይቀርም። የአቶሞችን ብዛት የሚናገሩትን ቁጥሮች ቤርዜሊዩስ ከራስ ላይ ይጽፋቸው ስለ ነበር፣ ወደ ግርጌ ያወረዷቸው ጀርመኖቹ ሊቢግና ፖገንዶርፍ ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1834 ነው። ፊደሎቹና የቁጥሮቹ ቦታ እንግዲህ ሰዎች በስምምነት ያጸኗቸው ናቸው። ሌላ ፊደል ተመርጦ ቢሆን ሳይንሱ አይጎድልበትም ነበር። ቁጥሮቹ ግን የስምምነት ውጤቶች አይደሉም።

መቶ መዳብና መቶ ሰማንያ ጨው

ከቤርዜሊዩስ ፊደሎች በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1799፣ በስፔን ሀገር ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ዦዜፍ ሉዊ ፕሩስት በመዳብ ላይ ያደረገውን ምርምር አሳተመ። መዳብን በሰልፈሪክ ወይም በናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ፣ በላዩ የሶዳ ወይም የፖታሽ ካርቦኔት ሲጨምርበት አረንጓዴ ዝቃጭ ይወርዳል። ፕሩስት ይህን ዝቃጭ እየደጋገመ ሲመዝን፣ ከ100 እጅ መዳብ ሁልጊዜ 180 እጅ አረንጓዴ ካርቦኔት ማግኘቱን ተገነዘበ። አሲዱ ቢለወጥ፣ መጠኑ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ይህ ቁጥር አልተለዋወጠም። ከመሬት የሚወጣው የተፈጥሮ ካርቦኔትም በመርመሪያ ክፍል ከተሠራው የተለየ ሆኖ አላገኘውም።

በዘመኑ ታላቅ ስም የነበረው ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ይህን አልተቀበለም። ውህዶች እንደ አሠራራቸው ሁኔታ ቅንብራቸው ሊለያይ ይችላል ብሎ ያምን ነበርና ከፕሩስት ጋር ለዓመታት በጽሑፍ ተከራከረ። ክርክሩ በጨዋነቱ የተመሰገነ ሲሆን፣ በመጨረሻው የጸናው የፕሩስት ቃል ነው፤ አንድ ውህድ ምንጊዜም አንድ ዓይነት ቅንብር አለው። ይህ የማይለወጥ ቅንብር ሕግ ባይታወቅ ኖሮ ቀመር የሚባል ነገር ሊኖር ባልቻለም ነበር። ቅንብሩ የሚለዋወጥን ነገር በቋሚ ቁጥር ማን ሊጽፈው ይችላል?

የፕሩስት አረንጓዴ ጨው በዛሬው አጻጻፍ «ሲዩ₂-ሲ-ኦ₃-(ኦ-ኤች)₂» ነው። ከዚህ ቀመር ተነሥተን ብናሰላ፣ ከ100 እጅ መዳብ የሚገኘው ንጹሕ ጨው 174 እጅ ያህል ይሆናል። የፕሩስት ቁጥር ከዚህ በ6 ይበልጣል። ከውኃ የወረደን ዝቃጭ ፈጽሞ ማድረቅ ምን ያህል አስቸጋሪ መሆኑን ለሚያውቅ ባለሙያ ይህ ልዩነት የሚያስደንቅ አይደለም። ቁም ነገሩ የቁጥሩ መጽናት ነበር።

ይኸው ጨው ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጥንት የመዳብ ቅይጥ ገንዘቦችና ዕቃዎች ላይ የምናየው አረንጓዴ ዝገት በብዛት ይህ ካርቦኔት ነው፤ ከሥሩ ያለውንም ማዕድን እንደ ልብስ ይሸፍነዋል። አፈሩ ጨዋማ ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ዝገት ይወለዳል። በመጀመሪያ «ሲዩ-ሲኤል» የተባለው ክሎራይድ ይሠራል፤ ይህም አየርና እርጥበት ሲያገኝ ወደ «ሲዩ₂-(ኦ-ኤች)₃-ሲኤል» እየተለወጠ ዕቃውን ከውስጥ ይበላዋል። የሙዚየም ባለሙያዎች ይህን የነሐስ በሽታ ይሉታል። ሁለቱም ዝገቶች አረንጓዴ ናቸው። አንደኛው ጠባቂ፣ ሁለተኛው አጥፊ መሆኑን ዓይን በቀላሉ አይለየውም፤ ቀመሩ ግን ይለየዋል። አንባቢ ይህን ሁለተኛውን ቀመር እንዲያስታውሰው እንጠይቃለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሁለቱ ኦክሳይዶች

መዳብ ከኦክስጅን ጋር ሁለት የታወቁ ውህዶች ይሠራል። አንደኛው ጥቁር፣ ሁለተኛው ቀይ ነው። ስንመዝናቸው በጥቁሩ ውስጥ ለ16 እጅ ኦክስጅን 63.5 እጅ መዳብ፣ በቀዩ ውስጥ ደግሞ ለዚያው ለ16 እጅ ኦክስጅን 127 እጅ መዳብ እናገኛለን። ሁለተኛው የመጀመሪያው ልክ እጥፍ ነው። ዳልተን በአቶሞች እንዲያምን ካደረጉት ነገሮች መካከል እንዲህ ያሉ ጥርት ያሉ እጥፎች ይገኙበታል። ማዕድን በቅንጣት ካልተቆጠረ በቀር እጥፉ እንዲህ ሊገጥም አይችልም። ስለዚህ ጥቁሩን «ሲዩ-ኦ»፣ ቀዩን «ሲዩ₂-ኦ» ብለን እንጽፋለን።

እዚህ ላይ ግን ሚዛን ብቻውን የማይመልሰው ጥያቄ ይነሣል። ሚዛኑ የሚናገረው ቀዩ ከጥቁሩ እጥፍ መዳብ እንዳለው ነው እንጂ፣ ጥቁሩ አንድ መዳብና አንድ ኦክስጅን ነው ወይስ አንድ መዳብና ሁለት ኦክስጅን የሚለውን አይወስንም። ቤርዜሊዩስ ራሱ በመጀመሪያ ሁለተኛውን መርጦ ስለ ነበር፣ የመዳብን የአቶም ክብደት ከትክክለኛው እጥፍ ያህል አድርጎ ጻፈው። እ.ኤ.አ. በ1819 ፈረንሳዮቹ ዱሎንና ፕቲ የጠጣር ንጥረ ነገሮች የአቶም ክብደት እነርሱን ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ሙቀት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሚትሸርሊህ ተመሳሳይ ቀመር ያላቸው ጨዎች ተመሳሳይ የክሪስታል ቅርጽ እንደሚይዙ አስታወቀ። ቤርዜሊዩስም እነዚህን ማስረጃዎች መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1826 ባወጣው ሰንጠረዥ ቁጥሩን በግማሽ ቀነሰው። ይሁንና በልዩ ልዩ ሀገሮች ኬሚስቶች መካከል የነበረው የአጻጻፍ ልዩነት መርገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1860 በካርልስሩኸ ከተማ ከተደረገው ጉባኤና ከጣሊያናዊው ካኒዛሮ ትምህርት በኋላ ነው። ዛሬ ተማሪው በአንድ መስመር የሚጽፈው «ሲዩ-ኦ» የስድሳ ዓመት ገደማ ክርክር ያረፈበት ጽሕፈት መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ሁለቱን ኦክሳይዶች በስም መለየትም አስፈላጊ ሆነ። በአሮጌው ሥርዐት የቀዩ ቤተሰብ «ኩፕረስ»፣ የጥቁሩ ቤተሰብ «ኩፕሪክ» ይባል ነበር። ይህ አሰያየም የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በቃል መያዝን ይጠይቃል። ስለዚህ ጀርመናዊው አልፍሬድ ሽቶክ እ.ኤ.አ. በ1919 ቁጥሩ በስሙ ውስጥ በሮማ አኃዝ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበ። በዚህም መሠረት ቀዩ ኮፐር-አንድ ኦክሳይድ፣ ጥቁሩ ኮፐር-ሁለት ኦክሳይድ ይባላል። ስሙን የሰማ ሁሉ ቀመሩን መጻፍ ቻለ። ኦክስጅን ሁለት ስለሚጠይቅ፣ እያንዳንዱ አንድ የሚከፍል መዳብ ከሆነ ሁለት መዳብ ያስፈልጋል፤ ሁለት የሚከፍል ከሆነ አንዱ ይበቃል። ለብዙ ዘመን በሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን ለማወቅ በጤና ተቋሞች ያገለገለው የቤኔዲክት ምርመራም የሚሠራው በዚሁ ልዩነት ነው። ስኳሩ ሰማያዊውን መዳብ-ሁለት ወደ መዳብ-አንድ ሲያወርደው፣ «ሲዩ₂-ኦ» የሸክላ ቀለም ይዞ ይዘቅጣል።

አምስቱ ውኃዎች

ከመዳብ ጨዎች ሁሉ በትምህርት ቤትም በእርሻም የታወቀው ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ነው። ቀመሩ «ሲዩ-ኤስ-ኦ₄ · 5ኤች₂-ኦ» ነው። ተማሪዎች ይህን ሲጽፉ አምስቱን ውኃዎች እንደ ትርፍ ጌጥ አድርገው ይተዉአቸዋል። ነገር ግን ውኃዎቹ የጨው ክሪስታል አካል ናቸው፤ ክብደትም አላቸው። 10 ግራም ሰማያዊ ክሪስታል በሸክላ ሳሕን ላይ አድርገን ቀስ እያልን ብናሞቀው ሰማያዊ ቀለሙ ይጠፋል፤ ነጭ ዱቄትም ይሆናል። ስንመዝነው 6.4 ግራም ያህል ብቻ ይቀራል። የጠፋው 3.6 ግራም ውኃ ነው። ይህን ውኃ በ18 ግራም፣ የቀረውን ጨው በ159.6 ግራም አካፍለን ብናመሳክር ለአንዱ ጨው 5 ውኃ ይደርሰዋል። በነጩ ዱቄት ላይ ጥቂት ጠብታ ውኃ ብናፈስስ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። ይህን ሙከራ ለመሥራት ሚዛንና እሳት ይበቃሉ፤ ተማሪው ግን ቁጥር 5 ከየት እንደ መጣ በገዛ ዓይኑ ያየዋል።

አምስቱ ውኃዎች ቢረሱ የሚመጣው ስሕተት ምን ያህል ነው? ሰማያዊው ክሪስታል ከክብደቱ 25.5 በመቶ መዳብ አለው። ነጩ ዱቄት ግን 39.8 በመቶ ነው። አንዱን በሌላው ቦታ እኩል መዝኖ የተጠቀመ ሰው የመዳቡን መጠን በ56 በመቶ ያበዛዋል፤ ወይም በ36 በመቶ ያሳንሰዋል።

ቀመሩ ከድንች ማሳ ሲደርስ

አዊ የድንች ሀገር ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የባንጃና የጓጉሳ ሽኩዳድ ገበሬዎች በድንች ምርታቸው ይታወቃሉ። ድንች ወደ ሀገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ዊልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደ ሆነ ይነገራል፤ የተስፋፋውም «ክፉ ቀን» ተብሎ ከሚታወቀው ከ1880ዎቹ ረሀብ በኋላ ነው። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ከለቀቃቸው ዝርያዎች አንዱ በእንጅባራ አቅራቢያ እንደሚገኘው ሐይቅ «ዘንገና» ይባላል።

ደጋና ዝናባማ የሆነ የድንች ሀገር ሁሉ አንድ ጠላት አለው። ይህም ቅጠሉን አጥቁሮ በጥቂት ቀን ማሳውን የሚያደርቀው፣ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድን ለታላቅ ረሀብ የዳረጋት ይኸው በሽታ ነበር። በዚያን ጊዜ መድኃኒት አልተገኘለትም። ምንም እንኳ ቤኔዲክት ፕሬቮ የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1807 መዳብ የስንዴን በሽታ ዘር እንዳይበቅል እንደሚያደርግ ቢያሳይም፣ ትምህርቱ ሳይሠራበት ቀርቶ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከወይን እርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በቦርዶ አውራጃ ፒየር ሚላርዴ የተባለው ሊቅ፣ በመንገድ ዳር ያሉት ወይኖች በሽታ ሳይነካቸው አረንጓዴ ሆነው ቆመው አየ። ባለቤቶቹ ፍሬውን መንገደኛ እንዳይቆርጥባቸው የኮፐር ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ ረጭተውበት ኖሯል። ሚላርዴ ከኬሚስቱ ከኡሊስ ጋዮን ጋር ይህን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የቦርዶ ድብልቅ የተባለው ይህ ርጭት ከወይን አልፎ ለድንችም መድኃኒት ሆነ።

የተለመደው የቦርዶ ድብልቅ 1 ኪሎ ኮፐር ሰልፌት፣ 1 ኪሎ ኖራና 100 ሊትር ውኃ ነው። እዚህ ላይ የቀመሩ ነገር ይመጣል። ትእዛዙ የሚናገረው ስለ ሰማያዊው ክሪስታል ነው፤ በውስጡም 255 ግራም መዳብ አለ። በምትኩ ነጩ ዱቄት ቢገኝ 640 ግራም ይበቃል። 1 ኪሎ ከተጨመረበት ግን መዳቡ ወደ 400 ግራም ስለሚጠጋ፣ የተመደበው ኖራ ሊያበርደው ካልቻለ ቅጠሉን ያቃጥላል። ገበሬው በሽታ መጣብኝ ብሎ የረጨው መድኃኒት ራሱ በሽታ ይሆንበታል ማለት ነው።

ዛሬ በሀገራችን ለድንች በሽታ በብዛት የሚታወቁት ማንኮዜብና ሪዶሚል ቢሆኑም፣ የመዳብ መድኃኒቶች ከዓለም ገበያ አልጠፉም። ከእነርሱም ዋነኛው ኮፐር ኦክሲክሎራይድ ነው። ቀመሩ «ሲዩ₂-(ኦ-ኤች)₃-ሲኤል» ነው። አንባቢ እንደሚያስታውሰው ጥንታዊውን የነሐስ ዕቃ የሚበላው ዝገት ይኸው ነው! ለሙዚየሙ ጠላት የሆነው ውህድ ለማሳው ወዳጅ ሆኖ ይገኛል። ንጹሑ ኦክሲክሎራይድ 59.5 በመቶ መዳብ ሲይዝ፣ በካርቶኑ ላይ «50 በመቶ መዳብ» ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት 84 በመቶ ያህሉ ውህድ፣ የቀረው ማቅለያና ማጣበቂያ ነው። ጽሑፉ ስለ መዳቡ ይናገር ወይም ስለ ውህዱ ያልለየ ባለሙያ ትክክለኛ ምክር ሊሰጥ አይችልም።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። መዳብ ንጥረ ነገር ስለሆነ በፀሐይም በዝናብም አይበሰብስም፤ የተረጨው ሁሉ በአፈር ውስጥ ይጠራቀማል። ከመቶ ዓመት በላይ የቦርዶ ድብልቅ የተረጨባቸው የአውሮፓ የወይን መሬቶች በዚህ ምክንያት ተጎድተዋል። ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአንድ ሄክታር ላይ የሚረጨው መዳብ በ7 ዓመት ከ28 ኪሎ እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህም በዓመት 4 ኪሎ ይደርሳል። ይህን 4 ኪሎ መዳብ በሰማያዊው ክሪስታል ብንለውጠው 15.7 ኪሎ፣ በ50 በመቶው ዱቄት ብንለውጠው 8 ኪሎ ይሆናል። የአዊ ደጋ አፈር በአሲዳማነቱ የታወቀ ነው፤ በአሲዳማ አፈር ውስጥ ደግሞ መዳብ ይበልጥ ስለሚሟሟ ለሥርም ለአፈር ነፍሳትም ይበልጥ ጎጂ ይሆናል። ስለሆነም ይህ ስሌት ከቦርዶ ይልቅ ለባንጃ ሊያሳስብ የሚገባው ነው።

በገዛ ቋንቋችን

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከፈቀደ ወዲህ አዊኛም የትምህርት ቋንቋ ሆኗል። ከዚያም ቀደም ብሎ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የደከመው ድካም ፍሬ አፍርቷል። «ንጥረ ነገር»፣ «ውህድ»፣ «ድብልቅ» እና «ቀመር» የሚሉት ቃላት ዛሬ እንግዳ አይደሉም። አንዳንዶች ከዚህ አልፈው ምልክቶቹም በእኛ ፊደል እንዲሆኑ ይመኛሉ። ይህ አስፈላጊ አይመስለንም። ከላይ እንደ ታየው ፊደሉ የስምምነት ጉዳይ ነው፤ ዓለም የተስማማበትን መያዙ ይጠቅመናል። ስሙን ግን በቋንቋችን ስንጠራ ቁጥሩን መጣል የለብንም። ሁለቱን ኦክሳይዶች «መዳብ ኦክሳይድ» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ሮማውያንና የግእዝ ጸሐፍት ወደ ነበሩበት ብዥታ መመለስ ነው። «መዳብ-አንድ» እና «መዳብ-ሁለት» ብንል ግን ቋንቋው በአማርኛም በአዊኛም ሊሸከመው ይችላል። የመድኃኒት ካርቶንም ሲተረጎም የመዳቡ መቶኛና የክሪስታሉ ውኃ አብረው ይተርጎሙ።

ለመምህራን የምናቀርበው አሳብም ከዚህ የሚከተል ነው። የቀመር ትምህርት ከሰንጠረዥ ከመጀመር ይልቅ ከሚዛን ቢጀምር ይሻላል። ተማሪው 10 ግራም ሰማያዊ ጨው መዝኖ፣ አሙቆ፣ 6.4 ግራም ካገኘ በኋላ ነጥቡንና አምስቱን ውኃዎች እንዲጽፍ ቢደረግ፣ ያን ቁጥር አይረሳውም። ከእንጅባራና ከዳንግላ ክፍሎች የሚወጡት ልጆች ነገ ከፊሎቹ የግብርና ባለሙያ ሆነው በዝናብ ወራት ከአንድ ገበሬ ማሳ ዳር ይቆማሉ። ገበሬው በእጁ የያዘውን ከረጢት አሳይቶ «ስንት ልጨምር?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ መልሱ ያለው ከቀመሩ ግርጌ ባሉት ትናንሽ ቁጥሮች ውስጥ ነው።